የሺገዞ ማዕድ

ሳዋኤን የማያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ዝምታዋን ነው። እኔ ግን ንፍጧን በእጅጌዋ ከምትጠርግበት ዕድሜ ጀምሮ አውቃታለሁና ዝምተኛ ናት ሲሉኝ ያስቀኛል። አፏ ዝም ይበል እንጂ ውስጧ አንድም ቀን አርፎ አያውቅም። ግትር ናት። እዚህ የዓሣ አጥማጆች መንደራችን ኡራዶማሪ ውስጥ ግትር ሰው ሞልቶ ተርፏል፤ የሁሉም ቁንጮ ግን እሷ ናት።

እኔ ካትሱኖ እባላለሁ። ከወደቡ ወደ ቤተ መቅደሱ በሚያስወጣው ደረጃ ሥር ያለችው ቶፉ ቤት የኔ ናት። አኩሪ አተር ስዘፈዝፍ፣ ስፈጭ፣ እንደ አይብ አርግቼ ስሸጥ፣ በመሃል ደግሞ በሰው ጉዳይ ስገባ አረጀሁ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ቶፉውን ትተን ምላስሽን ብንሸጠው ኖሮ እስካሁን ከብረን ነበር» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። ዛሬም የማወራው የሰው ጉዳይ ነው፤ ግን ሳዋኤ ራሷ «አውሪው፣ ምን ቸገረኝ» ብላኛለች።

ሳዋኤ የመረብ ጠጋኝ ልጅ ናት። እኔም እሷም ያገባነው በአንድ ዓመት ነው። የሷ ባል ሺገዞ ሲስቅ ወደቡ ሁሉ ይሰማዋል። ሲበላ ደግሞ፣ አቤት ሲበላ! የመጀመሪያውን ሳህን ሩዝ ገና በቅጡ ሳይውጥ «ጨምሪ!» ብሎ ሳህኑን ይዘረጋል። ሁለተኛውን ሲጨርስ አይናገርም፤ ዝም ብሎ ይዘረጋል። እሷም እያጉረመረመች ትጨምርለታለች። «ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን እኔንም ይበላኛል» ትለኝ ነበር። ስታማው ግን ፊቷ ይበራ ነበር።

አንድ ማለዳ ሺገዞ ጀልባውን አስነስቶ ለብቻው ወጣ። ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር፤ ሰማዩም ጥርት ያለ። ጀልባዋ በማግስቱ ከአፋፉ ማዶ ስትዋልል ተገኘች። እሱ የለም። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ፈለገ፤ ከሌላ ወደብም ሰዎች መጡ። ጫማው እንኳን አልተገኘም። ልጃቸው ኪኩዮ ያን ጊዜ የወተት ጥርሷ የሚነቃቀልባት ሕፃን ነበረች። እናቷ ባሕሩ ዳር ቆማ ስትውል፣ እኔ ቤቴ እያመጣኋት ቶፉ አበላት ነበር።

እኛ አገር ሰው ራቅ ብሎ ሲሄድ፣ ለሥራም ይሁን ለጦርነት፣ ቤቱ እንደተቀመጠ ተቆጥሮ ማዕድ ይቀርብለታል። በሄደበት እንዳይርበው፣ በደህና እንዲመለስ ነው። ሁሉም ያደርገዋል። ወር ሁለት ወር፣ ቢበዛ ዓመት። ሳዋኤም ያን ዕለት ማታ የሺገዞን ትሪ ከቦታው፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጋ ዘረጋች። አንድ ሳህን ሩዝ፣ በክዳን የተሸፈነ፣ ሚሶ የምንለው የአኩሪ አተር ሾርባ፣ አንድ ዓሣ፣ ጥቂት የኮመጠጠ ፍጅል። በማግስቱም ዘረጋች። ዓመቱ አለፈ፤ ዘረጋች። ኪኩዮ ትምህርት ጨረሰች፤ ዘረጋች። ኪኩዮ አግብታ ናጎያ ከተማ ገባች፣ ወለደች፤ ሳዋኤ ግን ያው ትዘረጋለች። መንግሥት እንኳን ቆይቶ ቆይቶ «ሞቷል» ብሎ ከመዝገቡ ሰረዘው። እሷ ግን አልሰረዘችውም።

ደግሞ የክዳኑ ነገር አለ። ትሪው ቀርቦ ትንሽ ከቆየ በኋላ የሾርባው ክዳን ይነሳል፤ ከውስጥ በኩል ውሃ ካንጠባጠበ፣ የሄደው ሰው ደህና ነው። ደረቅ ከሆነ፣ ወዮለት። ሳዋኤ በየማታው ክዳኑን አንስታ ታያለች። በየማታው ርጥብ ነው። አንድ ቀን ቆሽቴ አርሮ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ የፈላ ሾርባ ክዳንማ ባይረጥብ ነው የሚገርመው!» አልኳት።

ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። «ለዚህ አይደል በትኩሱ የማቀርበው» አለች።

ሺገዞ ያልበላውን ደግሞ እሷው ትበላዋለች። ቀዝቅዞ፣ ሾርባው ረግቶ። ዓሣ ማድረቂያው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውልና፣ እጇ በጨው ተሰነጣጥቆ ትገባና፣ ለባሏ በትኩሱ አቅርባ እሷ ቀዝቃዛውን ትበላለች። አንጀቴን ትበላው ነበር።

አሁን ወደ ኪኩዮ ልምጣ፤ ምክንያቱም ጉዳዩ የከረረው በሷ ነው። ልጅቷ አባት የላትም፤ የአባት መቃብርም የላትም። ቦን ሲደርስ፣ የየቤቱ ሙታን ለጥቂት ቀን ወደ ቤታቸው ሲመጡ፣ ጓደኞቿ መቃብር አጥበው፣ አበባ ይዘው፣ ፋኖስ አብርተው አባትና አያቶቻቸውን ይቀበላሉ። ኪኩዮ የእናቷን ፊት ታያለች። «ሙት አይደለም፤ ማንን ልቀበል?» ነው የሳዋኤ መልስ። አንዴ፣ ገና ኮረዳ ሳለች፣ ቶፉ ቤቴ ቁጭ ብላ ያለችኝን አልረሳውም። «እትዬ ካትሱኖ፣ የሰው ሁሉ አባት ወይ በሕይወት ይመጣል፣ ወይ ሞቶ ይመጣል። የኔ ብቻ በየትኛውም አይመጣም።»

ከእናቷ የምትፈልገው ገንዘብ አይደል፣ ቤት አይደል። አንድ ቃል ነው። «አባትሽ ሞቷል» እንድትላት ብቻ። ሳዋኤ ያቺን ቃል ከአፏ አውጥታ አታውቅም። እናትና ልጅ በዚህ ነገር ስንት ጊዜ ተቀያየሙ። ኪኩዮ ስትመጣም በዚያ ትሪ ፊት አልቀመጥም ብላ፣ እኔ ጋ መጥታ ነበር የምትበላው። በመጨረሻ ባለፈው በጋ ስልክ ደወለች። ሳዋኤ የነገረችኝ ቶፉ ልትገዛ መጥታ፣ ዓይኗን ከባልዲው ሳታነሳ ነው።

«ኪኩዮ ደውላ ነበር።»

«ምን አለች?»

«በዚህ ቦን የቤተ መቅደሱ መነኩሴ ይጸልይለት፣ ስሙም መቃብር ድንጋይ ላይ ይቀረጽ አለች። ካልሆነ…»

«ካልሆነ ምን?»

«ካልሆነ ከእንግዲህ አልመጣም፤ ልጆቹንም አላመጣም አለች።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«ሁለት ቶፉ ስጪኝ» አለችኝ። ቶፉውን ጠቅልዬ ሰጠኋት። በዚህ ዕድሜዋ ልጇን ካጣች ማን ይቀራታል? አንድ ክዳን!

ሹንፔይ የመጣው በዚሁ ሰሞን ነው። ከናጋኖ ተራሮች የመጣ፣ ጺሙ ገና ያላማረበት ሎጋ ልጅ። ጀርባው ላይ የተሸከመው ሻንጣ ልብስ የያዘ መስሎን ነበር፤ ለካ የቢላዋ መሳያ ድንጋይ ነው። በየቤቱ እየገባ፣ «ቢላዋ ልሳልልዎት፤ ዋጋው አብሮ መብላት ነው» ይላል። ገንዘብ አይቀበልም። እኔ እንግዲህ ሌባ ሳይሆን አይቀርም ብዬ በሬ ላይ አቁሜ መረመርኩት።

«የማን ልጅ ነህ? ምን አጥፍተህ ነው ከቤትህ የወጣኸው?»

«ምንም አላጠፋሁም እማማ።»

«ታዲያ ምን ፍለጋ ነው?»

«ለመብላት ነው የወጣሁት።»

ሳቄ አመለጠኝ። «እናንተ ጋ ምግብ ጠፍቷል?»

«ምግቡስ አለ። አብሮ የሚበላ ነው የጠፋው» አለኝ።

አባቱም እናቱም ሲሠሩ አምሽተው ነው የሚገቡት። ልጁ ከሱቅ የተገዛ በፕላስቲክ የታሸገ እራቱን አሙቆ፣ ቴሌቪዥን ፊት ብቻውን እየበላ አደገ። ትምህርቱን ሲጨርስ አንድ ሥራ ገባ፤ እዚያም ምሳውን ብቻውን መኪና ውስጥ ይበላል። አንድ ቀን «ሰው እንዴት ነው የሚበላው?» ብሎ አሰበና ወጣ። እንዲህ ብሎ ሲነግረኝ ነውር የሠራ ይመስል ጆሮው ቀላ። እኔም የመጀመሪያውን ቀን ጥርጣሬዬን ትቼ፣ «በል ግባ፤ ቢላዋውን ኋላ ትስለዋለህ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ መንደሩ ጉድ ሆነ! ሴቱ ሁሉ ላለመበለጥ ተነሳ። «ዛሬ እኛ ጋ ነው»፣ «የለም፣ ትናንት ቃል ገብቶልኛል» እየተባለ በልጁ ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም። አንዷ ለራሷ ባል ጠብሳ የማታውቀውን ዓሣ ስትጠብስለት አየሁ። ወደቡ ዳር ያሉት ባልና ሚስት ደግሞ በጨው ተቀምሞ የከረመ የዓሣ አንጀት አቀረቡለት፤ እሱ እኛም ደፍረን የምንበላው አይደለም። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ዋጠና «ይጣፍጣል» አላቸው። ወዲያው ጨመሩለት። እኔ ቤት መጥቶ ይሄን ሲያወራ፣ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ልጁ ግን ጨዋ ነው። የት መቀመጥ እንዳለበት፣ መቼ ቀና ማለት እንዳለበት ያውቃል። አንድ ነገር ደግሞ ከኛው ተማረ። በበጋ ሰዉ መረብ ላይ ነው፣ እርሻ ላይ ነው፤ ቤት የሚጠብቅ የለም። ስለዚህ የቤቱ እመቤት ትሪውን ዘርግታ፣ «ብንዘገይ እንዳትጠብቀን፤ ምግብ ሳይቀዘቅዝ ብላ» ትለዋለች። መጀመሪያ እያፈረ ይጠብቅ ነበር። ምግቡን አቀዘቀዝከው ብለው ሲቆጡት፣ ከዚያ ወዲያ መጠበቁን ተወ። ገብቶ፣ እጁን አገናኝቶ አመስግኖ ይበላል።

የሳዋኤ ተራ ደረሰ። እውነቱን ለመናገር እሷ ተራ አልያዘችም ነበር፤ እኔ ነኝ «የምድር ቢላዋሽ ሁሉ ዶልዱሟል፤ ልጁን ጥሪው» ብዬ የጎተጎትኳት። ትንሽ የሰው ድምፅ ቤቷ ውስጥ ይሰማ ብዬ ነው። እሷም ጠዋት መንገድ ላይ አግኝታው፣ «ወደ ማታ ና። እኔ ባልኖርም ተዘጋጅቷል፤ ገብተህ ብላ» አለችው።

ያን ማታ የልጁን እራት ማድ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ዝንብ እንዳይነካው በመረብ ክዳን ሸፍና አስቀመጠች። የሺገዞን ትሪ እንደ ወትሮዋ ሳሎን ዘረጋች። ከዚያ ለእንግዳ ቶፉ ሳይኖር እንዴት ይሆናል ብላ ወደኔ ሮጠች። እኔ ደግሞ ያቺን የኪኩዮን ጉዳይ ሳላነሳ አላሳልፍም ብዬ፣ ቶፉውን ራሴ ይዤላት ወጣሁ።

«መልስ ስጫት እንጂ» አልኳት በመንገድ ላይ። «ልጅቱ እየጠበቀች ነው።»

«ምን ብዬ?»

«እሺ ብለሽ ነዋ!»

«እሺ ብዬ በኋላ ቢመጣስ?»

«ማን?»

ይሄን ጊዜ ከቤቷ ደጃፍ ደርሰናል። የልጁ ጫማ አፉን ወደ ውጭ አዙሮ ተደርድሯል። በሩን ስስበው ሹንፔይ ሳሎን፣ ከሺገዞ ትሪ ፊት ተቀምጦ እየበላ ነው!

እናቴ ድረሽ! ያ ቦታ ልጇ እንኳን ተቀምጣበት የማታውቅ ቦታ ነው። የሺገዞ ሳህን በግራ እጁ፣ የሺገዞ የመብያ እንጨቶች በቀኝ እጁ፤ የሾርባው ክዳን ትሪው ላይ ተገልብጦ ውሃው ያብለጨልጫል።

«አንተ!» ብዬ ጮህኩ። «አንተ ዓይነ ደረቅ! የማንን ምግብ ነው የምትበላው? ተነስ ከዚያ! ተነስ እላለሁ!»

ልጁ አፉ ሙሉ ሩዝ እንደያዘ ድርቅ አለ። መዋጥም አልቻለ፣ መትፋትም አልቻለ። ዓይኑ ከኔ ወደ ሳዋኤ፣ ከሳዋኤ ወደኔ ይመላለሳል። ትሪው ተዘርግቶ፣ ሾርባው በእንፋሎት ክዳኑን ሲያላብ ሲያይ ጊዜ ለሱ የቀረበ ሌላ ምግብ ማድ ቤት አለ ብሎ ከየት ያስበው?

ሳዋኤ ክንዴን ያዘችኝ። «ተዪው» አለች።

«ምን ተዪው? የሺገዞን…»

«ተዪው አልኩሽ። የጀመረውን ይጨርስ። ቁጭ በል አንተ ልጅ። ብላ።»

ድምጿ ቁጣ የለበትም። ጫማዋን አውልቃ ገባችና ከትሪው ትይዩ፣ ሺገዞ በሕይወት ሳለ ትቀመጥበት በነበረው ቦታ ላይ፣ ከሩዙ ድስት አጠገብ ተንበረከከች። እኔ ቶፉውን እንደታቀፍኩ በሩ ላይ ቀረሁ። ልጁ ምስኪን፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ላብ በላብ ሆኖ በላ። ዓሣውን አጥንቱ ብቻ እስኪቀር ለቀመው። የመጨረሻዋን የሩዝ ፍሬ ሳይቀር ለቅሞ ሳህኑን አስቀመጠና፣ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ አድርጎ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላወቅሁም ነበር» አለ።

ሳዋኤ እጇን ዘረጋች። እንግዳ ሳህን ባዶ ሲያደርግ የኛ ሴት እጅ ራሱን ችሎ ይዘረጋል፤ አፏም እንደዚያው። «አምጣው፣ ልጨምርልህ» አለች። «አንድ ሳህን ብቻ በልቶ መነሳት የለም፤ አንድ ብቻ የሚቀርበው እኮ ለሙት…»

እዚያ ላይ ቆመች። እጇ አየር ላይ ቀረ።

ይሄን እዚህ የማያውቅ ሕፃን የለም። ሰው ሲሞት ራስጌው የሚቀመጥለት ሩዝ አንድ ሳህን ነው፤ ጭማሪ የለውም። ስለዚህ በሕይወት ላለ ሰው ቢጠግብም ባይጠግብም ትንሽ ይጨመርለታል። በቀን ሦስቴ የምንለው ነገር ነው፤ ከማለታችን ብዛት አንሰማውም። ሳዋኤ ግን ያን ማታ ከራሷ አፍ ሰማችው።

ልጁ ሳህኑን ይዝርጋ አይዘርጋ ግራ ገብቶት ያያታል።

«ካትሱኖ» አለችኝ፣ ወደኔ ሳትዞር።

«ወይ።»

«ሺገዞ አንድ ሳህን ብቻ በልቶ ተነስቶ ያውቃል?»

«ሺገዞ? እሱማ ድስቱን ካልቀሙት መቼ ይነሳ ነበር!»

«ይኸውልሽ። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ሳህን አቀረብኩለት። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳን፣ ልጨምርልህ ብዬው አላውቅም።» እጇን ጭኗ ላይ መለሰችው። «እጄ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ ያውቅ ነበር።»

ቶፉውን ወለሉ ላይ አስቀምጬ ሄድኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጇን ያዝኩት፤ ሻካራ ነው፣ ደግሞ በረዶ ሆኗል። ሹንፔይ ማልቀስ ጀመረ።

«አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?» አለችው ሳዋኤ።

«የሰው… የሰው ምግብ በላሁ።»

«ላንተ ነው እንጂ የማን ሊሆን ነው? ይኸው ዛሬ ገና የሚበላው ሰው አገኘ። በል አታልቅስ፤ ሩዙን ጨው ታደርግብኛለህ።» የሺገዞን ሳህን አንስታ፣ በጨርቅ ጠርጋ፣ ለብቻው መደርደሪያው ላይ አደረገችው። ከማድ ቤት የእንግዳ ሳህን አምጥታ፣ ሞልታ ሰጠችው። ለኔም ሰጠችኝ። ለራሷም ጨለፈች። ሦስታችንም በላን። ልጁ እንዲያውም ሦስተኛ ደገመ፤ የወጣትን ሆድ ለቅሶ አይዘጋውም።

እንደበላን ተነስታ ስልኩን አነሳች። እኔ ሳህን የማጥብ መስዬ ጆሮዬን አቀናሁ።

«ኪኩዮ? እኔ ነኝ። ለቦን ነይ። ልጆቹንም አምጪ። መነኩሴውን ነገ አነጋግረዋለሁ።»

ሳዋኤ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን አራገፈችው።

«እማዬ፣ አሞሻል እንዴ?» ስትል ሰማሁ፤ የኪኩዮ ድምፅ እስከ ማድ ቤት ይሰማል፣ ያባቷ ልጅ ናት።

«ደህና ነኝ። ድንጋይ ጠራቢውንም እጠራዋለሁ።»

«እማዬ… አባዬ ምን ሆነ? በዪኝ እስቲ።»

ሳዋኤ አፏን ከፈተች። ከፈተችና ዘጋችው። «ነይ አልኩሽ እኮ» ብላ ስልኩን ዘጋች። እኔ ሳህኑን ባልዲው ውስጥ ጣልኩት። ሁሉን ልትሰጣት ነው፤ ያቺን አንዷን ቃል ግን አሁንም አልሰጠቻትም።

በማግስቱ ሹንፔይ ሻንጣውን ተሸክሞ ሊሰናበት መጣ። ሳዋኤ ደጃፏ ላይ ቆማ፣ «ወዴት ነው?» አለችው። «የሺገዞን ትሪ የበላህ አንተ ነህ፤ ሳትሸኘው አትሄድም።» ልጁም ሻንጣውን አወረደ። እስከ ቦን ድረስ የመንደሩን ቢላዋ፣ ማጭድ፣ መቀስ፣ ያገኘውን ሁሉ ሳለ። ቤቷ ውስጥ አደረ። ማታ ማታ ትሪው አልተዘረጋም። እኔ እየሄድኩ አይ ስለነበር ነው የማውቀው። ሳዋኤ ያ ቦታ ባዶ ሲሆን መቀመጫ ታጣለች፤ አንዴ ትነሳለች፣ አንዴ ትቀመጣለች፣ ክዳን የለም የምታነሳው። አንድ ማታ እንዲያውም «ዛሬ ብቻ ልዘርጋለት?» ብላ ጠየቀችኝ። «አታድርጊው» አልኳት። ማልቀሴን እንዳታይ ወጣሁ።

ኪኩዮ ከሁለት ልጆቿ ጋር መጣች፤ ጥቁር ለብሳ፣ ከንፈሯን ነክሳ። እናቷን አላመነችም። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ስቀበላት የመጀመሪያ ቃሏ፣ «እትዬ ካትሱኖ፣ በመጨረሻው ሰዓት እንዳትለወጥብኝ» ነው። ልጆቹ ሹንፔይን ወዲያው ወደዱት።

መነኩሴው መጣና የሽኝት ጸሎቱን አደረሰ። የሺገዞ ስም የተጻፈበት አዲስ ሰሌዳ የቤቱ መሠዊያ ላይ ቆመ። አስከሬን የለም፤ ስለዚህ ባሕር ለቀረ ሰው እንደሚደረገው ከባሕሩ ዳር ጠጠር ለቅመን፣ በአስከሬኑ ፈንታ እንዲቀበር በትንሽ ሣጥን አደረግን። ሣጥኑን ኪኩዮ ታቀፈች። ሙቀቱ አይጣል ነው፤ ሰዉ ሁሉ ጥቁር ለብሶ ፀሐይ ላይ ቆሟል።

ሙት ከቤቱ ሲወጣ የሚበላበት ሳህን ደጃፉ ላይ ይሰበራል። ከእንግዲህ ምግብ ብሎ እንዳይመለስ ነው። ሳዋኤ የሺገዞን ሳህን ይዛ ወጣች። የደጃፉ ድንጋይ ላይ ቆመች። ሰዉ ይጠብቃል። መነኩሴው ጉሮሮውን ጠረገ። እጇን አነሳች፤ አወረደችው። ያ ሁሉ ዓመት ይመለስ ብላ የሞላችው ሳህን ነው፤ አሁን አትመለስ ብላ ስበሪው ነው የተባለችው። እንዴት ትስበረው?

«እኔ ልስበረው እማዬ?» አለች ኪኩዮ። ድምጿ ደርቋል።

ሳዋኤ ዞራ ወደ ውስጥ ገባች።

ኪኩዮ ዓይኗን ጨፈነች። «ይኸው» አለች። «አላልኩም? አውቄው ነበር።» ሣጥኑን ለሹንፔይ ሰጥታ የልጆቿን እጅ ያዘች። እኔ ሳዋኤን ተከትዬ ገባሁ፤ እውነቱን ልናገር፣ ልቆጣት ነበር። ማድ ቤት ውስጥ የሩዙን ድስት ከፍታ፣ የሺገዞን ሳህን ትሞላለች። እየተጫነች፣ ክምር አድርጋ። አለቀላት፣ እንደገና ጀመራት አልኩ በልቤ።

አልፋኝ ወጣች። ልጇ ፊት ቆማ ሳህኑን ዘረጋችላት።

«ይሄ የአባትሽ ጭማሪ ነው» አለቻት። «ሳልሰጠው የቀረ። አንቺ ብይለት።»

ኪኩዮ ሳህኑን አየች፣ እናቷን አየች። ተቀበለች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በጥቁር ልብሷ፣ በቆመችበት በላች። እየጎረሰች ታለቅሳለች፤ እያለቀሰች ትጎርሳለች። የሩዝ ፍሬ አገጯ ላይ ተጣብቋል። ባዶ ሳህኑን ለእናቷ መለሰችላት፤ ሳዋኤም ተቀብላ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በሁለት እጇ ጨብጣው፣ በሙሉ ኃይሏ ድንጋዩ ላይ ፈጠፈጠችው። ተሰበረ።

ኪኩዮ እንደ ትንሽ ልጅ የእናቷን እጅጌ ያዘች። «እማዬ» አለች። «አባዬስ?»

ሳዋኤ የልጇ አገጭ ላይ የቀረችውን የሩዝ ፍሬ በጣቷ አነሳችላት።

«ሞቷል ልጄ» አለቻት። «አባትሽ ሞቷል።»